የወጣው ማዮማ ሁሉ ይመርመር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ማዮማ፣ ማለትም በማህፀን ጡንቻ ላይ ስለሚያድገው እጢ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ማዮማ ካንሰር አለመሆኑን ገልጾ ሴቶች በከንቱ እንዳይሸበሩ ማሳሰቡ ተገቢ ነው። ሆኖም እጢው ከወጣ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት አንድም ቃል አላነሳም፤ እዚህ ጅማ በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣ ሥጋ በማይክሮስኮፕ በሚመረመርበት ክፍል፣ የምሠራ እንደመሆኔ የማየው ችግር ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

የማህፀን ሳርኮማ ከማህፀን ጡንቻ ወይም ከደጋፊ ሥጋው የሚነሳ፣ እምብዛም የማያጋጥም ካንሰር ነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን ከማዮማ የሚለይበት ምልክት ብዙ ጊዜ የለውም፤ ኤምአርአይም ቢሆን ጥርጣሬ ከማሳደር አልፎ እርግጠኛ መልስ አይሰጥም፣ ከማህፀን ግድግዳ ሽፋን ተፍቆ የሚወሰድ ናሙናም ጡንቻው ውስጥ የተደበቀውን ሊስተው ይችላል። ስለዚህ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ማዮማ ነው ተብሎ ከወጣ በኋላ፣ በማይክሮስኮፕ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ለማዮማ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 350 ሴቶች በአንዷ ላይ ያልተጠረጠረ ሳርኮማ ሊኖር እንደሚችል ገምቶ፣ እጢን ሆድ ውስጥ ከታትፎ በሚያወጣው መሣሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሌሎች ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል፤ ካንሰሩ ሆድ ውስጥ ሊበተን መቻሉን ግን አይክዱም።

ወደ እኛ ሲመጣ፣ ቤተሰብ እጢውን አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ አጭቆ፣ በፌስታል ቋጥሮ ከአጋሮ ወይም ከቦንጋ ድረስ ተሸክሞት ይደርሳል። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ የጎደለ፣ አንዳንዱም በውሃ ብቻ የተነከረ ነው። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሰርግ፣ ሳይሰነጠቅ የተነከረ ትልቅ ማህፀን ከውጭ ጠንክሮ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ካንሰሩን ከማዮማ ለመለየት የሚረዳውን፣ ሕዋሳቱ ምን ያህል እየተከፋፈሉ እንደሆነ፣ በበሰበሰ ሥጋ ላይ መቁጠር ደግሞ አይቻልም። የመጠየቂያ ወረቀቱም «ማዮማ» ከማለት በቀር የሴትየዋን ዕድሜ፣ የወር አበባዋም መቆም አለመቆሙን አይናገርም። ይህ እንግዲህ የደረሰን ነው፤ የምርመራው ክፍያ አጥሮ ተጥሎ የቀረውን ማን ይቆጥረዋል?

ዓይነቱን መለየት ለወግ ያህል አይደለም። ከጡንቻው የሚነሳው፣ ሊዮማዮሳርኮማ የሚባለው በደም በኩል ወደ ሳንባ ስለሚዛመት ደረት በሲቲ ስካን መታየት አለበት፤ ከተዛመተም እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለ የካንሰር መድኃኒት ይታዘዛል። ከደጋፊ ሥጋው የሚነሳው፣ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው (ቀስ ብሎ የሚያድግ) የስትሮማ ሳርኮማ ግን ኤስትሮጅን በተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚያድግ፣ ኤስትሮጅንን በሚቀንስ መድኃኒት ይታከማል፤ ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል።

የጤና ኃላፊዎች የፓቶሎጂውን ክፍያ ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ጋር እንዲያጠቃልሉት እጠይቃለሁ። ሐኪሞችም ማህፀኑ ከወጣ በኋላ ሰንጥቀው፣ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ይንከሩት። ታካሚዋም የመልሱን ወረቀት ቤቷ ታስቀምጠው፤ ከዓመታት በኋላ ሳል ጸንቶባት ሌላ ሐኪም ዘንድ ብትቀርብ፣ ያ ወረቀት ከሌለ የድሮውን ቀዶ ሕክምና ከሳንባዋ ጋር የሚያገናኘው አይኖርምና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከጅማ