ደከረንስ ላለን ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት፤

ከአዲስ ቅዳም እስከ እንጅባራ ያለውን ደከረንስ፣ ለከሰል የምንተክለውን የግራር ዘር ዛፍ፣ ያየ ሁሉ ያዝናል። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ይወጣል፣ እርጥበት ሲያገኝ እንደ ንፍጥ ይሆናል፣ ከዚያ ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ከጫፉ ይደርቃል። አንዳንዶቻችሁ ትል መስሏችሁ የተባይ መድኃኒት ረጭታችኋል። ፈንገስ ነው፤ የትል መድኃኒት አይነካውም፣ ብራችሁን አታባክኑ።

ፈንገሱ በነፋስ ይዛመታል፤ ነፋሱን መከልከል አንችልም፣ ችግኝ ማመላለሱን ግን እንችላለን። የሰው ማመላለስ ምን እንደሚያደርስ ለማየት፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘው አረንጓዴ ጥንዚዛ ከእስያ የመጣ ነው፤ አሽ የሚባለውን ዛፍ በሚሊዮኖች ጨረሰ። ራሱ የሚበረው ጥቂት ነው፤ ሩቅ ያደረሰው ሰው የጫነው ማገዶ ነው። እኛም ከታመመ መንደር ችግኝ አንግዛ።

ለከሰል የደረሰውን ሳይደርቅ ቆርጣችሁ አክስሉት። በባዶው መሬት ወዲያው ደከረንስ አትመልሱ፤ ግብጦ ዝሩበት፣ ዳር ዳሩን ብሳና ትከሉ። መሬቱን ሁሉ በአንድ ዛፍ መሸፈናችን ስህተት ነበር፣ እኔም አንዱ ነኝ።

ቅዳሜ ከገበያ በኋላ እኔ ማሳ እንገናኝ። የታመመ ቅጠል ይዛችሁ እንዳትመጡ አደራ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።