ከባትሪው በፊት ወረቀትና እርሳስ

ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔም ቤተሰቤም ደህና ነን። ብዙ ጊዜ ሳንጻጻፍ ቆይተናል፤ ዝምታው ከሁለታችንም በኩል ስለሆነ ወቀሳ አያስፈልገንም። ሰሞኑን የላክኸው አጭር መልእክት ግን እጅግ አስደስቶኛል። መብራት ሲጠፋ ለቤት፣ ከልጆቹ ጋር ድንኳን ተክላችሁ ስታድሩ ደግሞ ለሜዳ የሚሆን ባትሪ ልትገዛ እንደሆነ ነግረኸኝ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀኸኛል። ጥያቄህ ሁለት መስመር ነበር፤ መልሴ ረዝሟልና ታገሰኝ። ስለዚህ ሥራ ከልቤ የማወራው ሰው ሳገኝ እጄን መሰብሰብ አይሆንልኝም።

ገና ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ተቀመጥና መብራት በጠፋበት ምሽት በእርግጥ የምትጠቀምባቸውን ነገሮች ጻፍ። ከእያንዳንዳቸው ጎን ስንት ዋት እንደሚወስዱና ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ አስፍር። ዋቱ ከዕቃው ጀርባ ወይም ከቻርጀሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ቮልትና አምፒር ብቻ ከሆነ የተጻፈው ሁለቱን አባዛቸው። ዋቱን በሰዓቱ ስታባዛ ዋት ሰዓት ታገኛለህ። የባትሪው መጠን፣ የፀሐይ ፓነሉ ስፋት፣ ሌላውም ሁሉ የሚወሰነው በዚህ መለኪያ ነው።

ለምሳሌ ባለ 7 ዋት ሁለት የኤልኢዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 70 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ሁለት ስልኮች ከባዶ እስኪሞሉ ወደ 30፣ አንድ ላፕቶፕ ወደ 60 ይወስዳሉ። 10 ዋት የሚፈልግ የኢንተርኔት ራውተር ለ5 ሰዓት 50፣ 25 ዋት የሚፈልግ አነስተኛ ማራገቢያ ለ6 ሰዓት 150 ይሆናል። ድምሩ 360 ነው። በየመንገዱ ለሚባክነው አንድ አምስተኛ ያህል ብትጨምርበት 430 ገደማ ይደርሳል። የሻጭ ማስታወቂያ የሚያሳይህ ግዙፍ የባትሪ ሣጥን የዚህ ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ክብደቱን የምትሸከመው ግን አንተ ነህ።

ከዝርዝርህ ላይ ሙቀት የሚያመነጨውን ሁሉ ሰርዝ። ምድጃ፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የውኃ ማፍያ የባትሪ ጠላቶች ናቸው። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ፣ ምንም ሳይባክን እንኳ፣ 93 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። በኪስ የሚያዘው 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተባለው ፓወር ባንክ በውስጡ ያለው 74 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የተሰላው በ3.7 ቮልት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ፓወር ባንክ አንድ ሊትር ውኃ አያፈላም፤ ስልክህን ግን ደጋግሞ ይሞላል። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ባትሪ ሲገዛ አይሳሳትም።

ወደ ባትሪው ልምጣ። ፈረንሳዊው ጋስተን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው፣ እርሳስ ከሚባለው ብረትና ከአሲድ የሚሠራው ባትሪ ዛሬም በየመኪናው አለ፤ ለአንተ ሥራ ግን አልመክርህም። እንዲበረክት ከፈለግህ ከግማሽ በታች ልታወርደው አይገባም፤ ስለዚህ ከተጻፈበት መጠን የምትጠቀመው ግማሹን ነው። የመኪና ባትሪ ደግሞ ለአፍታ ብዙ ኃይል አውጥቶ ሞተር እንዲያስነሣ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲያልቅ አልተሠራም። እኔ የምመርጥልህ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። ከመጠኑ 80 በመቶውን ያለ ስጋት ትጠቀምበታለህ፤ በአግባቡ ከተያዘም ከ2,000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ሊራገፍ ይችላል። ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅም በሙቀት ቶሎ አይታወክም። ይህ ቁስ ለባትሪ እንደሚሆን ያሳየውን የመጀመሪያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆን ጉድኢነፍና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጉድኢነፍ በሊቲየም ባትሪ ላይ ለሠሩት ሥራ ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ዕድሜያቸው 97 ነበር። ባትሪውን ባየሁ ቁጥር እኚህን ሰው አስባለሁ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ገና የተሻለ ባትሪ ለማግኘት ይደክሙ ነበር።

አሁን ሒሳቡን ግጠመው። ባለ 12.8 ቮልት፣ 50 አምፒር ሰዓት ባትሪ 640 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 80 በመቶው 512 ነው። ያንተን 430 ይሸፍናል፤ ትንሽም ይተርፋል። ከዚህ የበለጠ አያስፈልግህም።

ባትሪውን የሚይዘውን ሣጥን ራስህ ሥራው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ቆንጆ ነው፤ ሲበላሽ ግን ከፍተህ የምታየው ነገር የለህም። አንተ የሠራኸውን ብሎን በብሎን ታውቀዋለህ፤ የደከመውን ክፍል ብቻ ትቀይራለህ። ከኮምፔንሳቶ ባትሪውን አጥብቆ የሚይዝ፣ ከጎኑ ለሽቦ ሥራ አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ያለው፣ ክዳኑ በማጠፊያ የሚከፈት ሣጥን አዘጋጅ። በሁለት ጎኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ብሳ። መያዣውን በእንጨቱ ላይ በምስማር አትምታው፤ አሳልፈህ በብሎንና በሰፊ ቀለበት እሰረው፤ ክብደቱ ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁለት የዩኤስቢ መሙያ ቀዳዳዎች፣ አንድ ባለ 12 ቮልት ሶኬትና አንድ መለኪያ ይኑሩት። መለኪያው ቮልት ብቻ የሚያሳይ እንዳይሆን። የዚህ ባትሪ ቮልት ከሙላቱ እስከ ማለቂያው አካባቢ እምብዛም ስለማይለወጥ ምን ያህል እንደቀረህ አይነግርህም። የገባውንና የወጣውን ኃይል እየቆጠረ ቀሪውን በመቶኛ የሚያሳየውን ፈልግ።

ኃይል ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠውን ፊውዝ ከባትሪው አዎንታዊ (+) ጫፍ አጠገብ፣ ከማንኛውም ሌላ ዕቃ በፊት አድርገው። ይህን ስልህ እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ግዴታ ቁጠረው። ጫፎቹ በስሕተት ቢገናኙ ከባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ሊወጣ ይችላል፤ ሽቦው በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ስለዚህ መጠኑን የምትመርጠው ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው እንዳይበልጥ አድርገህ ነው።

ሽቦ ላይ አትሰስት። በ12 ቮልት 120 ዋት ለማድረስ 10 አምፒር ያስፈልጋል። አምስት ሜትር ርቀት ላይ ላለ ዕቃ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ብትዘረጋ፣ ሄዶ መመለሻው አሥር ሜትር ስለሆነ ከ1 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል፤ ከኃይልህ አሥር በመቶ ያህሉ ሽቦ ማሞቂያ ሆነ ማለት ነው። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚጎድለው 0.3 ቮልት ገደማ ነው። የሽቦውን ጫፍ ጠምዝዘህ በናስትሮ ብቻ አትሸፍነው። የመዳብ ቀለበት አግባበት፣ በመጨመቂያ ፒንሳ አጥብቀው፣ በመጨረሻም ጎትተህ ፈትነው። የላላ መጋጠሚያ ይሞቃል፤ የሞቀ መጋጠሚያ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። ሠርተህ ስትጨርስ ሁሉንም ዕቃ አብርተህ ግማሽ ሰዓት ቆይና ጠፍቶ ሳለ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅህ ዳስስ።

ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል እንደ ግድግዳ ሶኬት ኃይል አድርጎ የሚቀይረው ዕቃ፣ የሚያስፈልግህ ለላፕቶፑና ለማራገቢያው ብቻ ነው፤ 300 ዋት ይበቃሃል። የሚሰጠው ሞገድ ንጹሕ ሳይን የሚባለው፣ እንደ ቤት መብራት ለስላሳው ይሁን፤ ርካሾቹ የሚያወጡት የተቆራረጠ ሞገድ የማራገቢያን ሞተር ያስጮኸዋል፤ ያሞቀዋልም። ሥራ በሌለበት ጊዜ አጥፋው። ምንም ሳይሰካበት 10 ዋት የሚፈጅ ኢንቨርተር በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ከባትሪህ ሲሶ በላይ ነው። ስልክና መብራት በቀጥታ ከባትሪው በዩኤስቢና በ12 ቮልት ይሥሩ። የራውተርህንም ቻርጀር እየው፤ ብዙዎቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ባትሪው ሲሞላ ቮልቱ እስከ 14.6 ስለሚወጣ ግን በመካከል 12 ቮልቱን የሚያጸና ትንሽ መቆጣጠሪያ አስገባ።

ለፀሐይ ፓነሉ ከ150 ዋት አትነስ። ፓነል ላይ የሚጻፈው ዋት በላብራቶሪ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀትና በጠንካራ ብርሃን የተለካ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲወጣ 70 በመቶ ያህሉን ብትጠብቅ ይሻልሃል። አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘህ 525 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ የአንድ ቀን ፍጆታህን ይመልሳል። ጥላ ግን ያንገበግበኛል። የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ በፓነሉ ጥግ ላይ ቢያርፍ የሚቀንሰው የዚያን ጥግ ድርሻ ብቻ አይደለም፤ ፓነሉን የሚሠሩት ትናንሽ ክፍሎች፣ ሴሎቹ፣ በተከታታይ ስለተያያዙ የሰፊ ክፍል ምርት አብሮ ይወድቃል። በፓነሉና በባትሪው መካከል የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለር ይግባ፤ ለባትሪህ ዓይነት የሚስማማ መሆኑንም አረጋግጥ። ስታገናኝ ባትሪውን አስቀድም፣ ፓነሉን አስከትል፤ ስትነቅል ፓነሉን አስቀድም።

ከአሮጌ ላፕቶፖች አውጥተህ ያጠራቀምካቸውን ባትሪዎች አልረሳኋቸውም። ሰብስበህ ትልቅ ባትሪ ለመሥራት ታስብ ነበር። እባክህ ተወው። እያንዳንዷ ሴል ምን ያህል እንዳረጀች አታውቅም፤ ከ4.2 ቮልት በላይ ብትሞላ ወይም ውስጧ ቢጎዳ የራሷ ሙቀት ራሷን እያቀጣጠለ ወደ ጎረቤቷ ይዛመታል። ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ማየት አልፈልግም። ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ስጣቸው።

ሁለት ነገር ደግሞ በጥብቅ አደራ እልሃለሁ። ከኢንቨርተር ወይም ከጄኔሬተር የሚወጣ ኃይል በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር አትላክ፤ ኃይሉ ወደ ውጭ ወጥቶ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ነዳጅ የሚያነድ ነገርም፣ ጄኔሬተርም ሆነ ምድጃ፣ ቤት ውስጥም ድንኳን ውስጥም አታንድድ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል።

ለድንኳኑ ሣጥኑን ሁልጊዜ መሸከም አይጠበቅብህም። ለአንድ ሌሊት አንድ ባለ 5 ዋት መብራት ለ5 ሰዓት 25፣ ሁለት ስልክ 30 ቢሉ ድምሩ 55 ነው። ያ ፓወር ባንክ ከብክነቱ በኋላ 60 ገደማ ስለሚሰጥ ይበቃችኋል። ሣጥኑን ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ጉዞ አቆየው። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል፤ ሣጥኑ ግን ከመንገደኛ ጋር አይሳፈርም። ብርድ ባለበት ስፍራ ስልኩንና ፓወር ባንኩን ከመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ አሳድሯቸው። ትልቁን ባትሪ ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች እያለ አትሙላው፤ ሊቲየሙ በውስጡ ተጋግሮ ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ለልጆቹ ደግሞ ይህን አሳያቸው፦ ውኃ የሞላ ነጭ ላስቲክ ጀሪካን ላይ የግንባር ባትሪውን ብርሃኑ ወደ ውስጥ እንዲያይ አድርጋችሁ እሰሩት። ዓይን የሚወጋው ጨረር ተበትኖ ድንኳኑን በሙሉ በለስላሳ ብርሃን ይሞላዋል።

ከጉዞ ስትመለስ ባትሪውን እስከ ግማሽ ያህል ሞልተህ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠው። ለመብራት መጥፋት ተጠባባቂ ይሆን ዘንድ ከፈለግህ ግን ሙሉ ይሁን።

የሣጥኑን ንድፍ ልሥራልህ፤ ሽቦውን አብረን እንድናገናኝም እመጣለሁ፤ ቀኑን አንተ ቁረጥ። ትልቁ ልጅህ ፒንሳ መያዝ ከወደደ መጋጠሚያዎቹን እሱ ይጨምቃቸው፤ እኔ እጎትታቸዋለሁ። እስከዚያው ዝርዝሩን ላክልኝ። ዋቱን ከየዕቃው ጀርባ አንብበህ እንጂ በግምት አትጻፍ፤ የማራገቢያውን በተለይ፣ ከዝርዝሩ ሁሉ ብዙ የሚወስደው እሱ ነውና። ማቀዝቀዣም ልትጨምር ካሰብክ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ኢንቨርተሩም ሽቦውም ፊውዙም ይቀየራሉ።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለእናትህም የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ