ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን ማተም ብቻውን ክርክር አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ጸሐፊዎችን ጎን ለጎን የምታቀርቡበትን ገጽ አዘውትሬ አነባለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን እውነቱን ልናገርና፣ አንብቤ ስጨርስ እንደገባሁ ነው የምወጣው። አንደኛው የራሱን ይላል፣ ሌላውም የራሱን ይላል፣ ሁለቱ ግን የትም ቦታ አይገናኙም። ደጋፊው ደጋፊ እንደሆነ ይቀራል፣ ተቃዋሚውም እንደዚያው፣ መሃል ላይ የነበረው አንባቢ ደግሞ አጻጻፉ ያማረለትን ወይም ስሙን የሚያውቀውን ሰው ይዞ ይሄዳል።

የሕዝብ ክርክርን ያበላሸው ስድብ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስድቡስ መች ጠፋ! እኔ ግን ስድቡ ነገ ቢቀር እንኳ ነገሩ የሚስተካከል አይመስለኝም። በጣም ጨዋ ሆነው ጭራሽ የማይደማመጡ ሰዎች ሞልተዋል። የጠፋው መመዘን ነው። ምክንያት እንደረድራለን እንጂ የትኛው ምክንያት የትኛውን ይጥላል ብለን አንጠይቅም።

አንድ ቀላል ጉዳይ ልውሰድ። ተማሪዎች ስልክ ይዘው ትምህርት ቤት ይግቡ ወይስ አይግቡ? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስልክ መጠቀምን በሕግ ከልክላለች፣ ሌሎች አገሮችም ተከትለዋል፣ ክርክሩ ግን ዛሬም አላለቀም። ከልካዩ ወገን ስልክ ትኩረት ይሰርቃል ይላል። ፈቃጁ ደግሞ ወላጅ ድንገት ልጁን ቢፈልግስ ይላል። በተለመደው መንገድ እነዚህ ሁለት ምክንያቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው እኩል ለእኩል ይመስላሉ።

እስቲ እንመዝናቸው። ወላጅ ልጁን በድንገት ማግኘት አለበት የሚለው እውነተኛ ጭንቀት ነው፣ ማንም አያጣጥለውም። ግን ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ስልክ ካለና የሚያነሳው ሰው ካለ፣ ጭንቀቱ ልጁ ኪስ ውስጥ ስልክ ሳይኖርም መልስ ያገኛል። ስለዚህ ክብደቱ ይቀንሳል። ዜሮ አይሆንም፣ የሚከታተሉት ሕመም ያለበት ልጅ አለና፣ ለእሱ ግን ልዩ ፈቃድ ይበቃል። ትኩረት ይሰርቃል የሚለውስ? ይሄኛው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ጉዳቱ በባለስልኩ ላይ ብቻ አያበቃም፣ አጠገቡ የተቀመጠውንም ይነካል። በሌላ በኩል ፈቃጆቹ ብዙም የማያነሱት፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ምክንያት አላቸው፦ ልጁ ራሱን መግዛት የሚማረው መቼ ነው? ከልካዮቹ ለዚህ መልስ ሲሰጡ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ክርክሩ መጀመር የነበረበት እዚህ ጋ ነው፣ ግን እዚህ ሳይደርስ ገጹ ያልቃል።

ምክንያት መቁጠር ሌላው በሽታ ነው። አንዱ ሰባት ምክንያት ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ሁለት፣ እና ሰባቱ ያሸነፈ ይመስላል። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሰውና ሳይንቲስት ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1772 ለወዳጁ ለእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ጉዳይ እንዴት እንደሚይዘው ነግሮታል። ወረቀቱን በመስመር ለሁለት ይከፍላል፣ በአንዱ በኩል የሚደግፉትን፣ በሌላው በኩል የሚቃወሙትን ምክንያቶች ይጽፋል፣ ይህንንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት አራት ቀን ወስዶ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ይመዝናል። ከወዲያና ከወዲህ እኩል የሚከብዱ ሁለት ካገኘ ሁለቱንም ይሰርዛል። አንዱ ምክንያት ሁለቱን ተቃራኒ የሚያህል ከሆነ ሦስቱንም ይሰርዛል። የተረፈው ወዴት እንደሚያደላ ያያል። ሒሳቡ ትክክለኛ ቁጥር እንደሌለው ራሱም ያውቅ ነበር። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ሰውዬው እያንዳንዱን ምክንያት ከተቃራኒው ጋር ሳያገናኝ ማለፍ አይችልም።

«ታዲያ አንባቢው ራሱ ይመዝን፣ ሁለቱንም አቅርበንለታል» ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ አንድ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ግማሾቹ የሞት ቅጣትን የሚደግፉ፣ ግማሾቹ የሚቃወሙ 48 ተማሪዎች ሁለት ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። አንዱ የሞት ቅጣት ወንጀልን ይከላከላል የሚል፣ ሌላው አይከላከልም የሚል፣ ሁለቱም ለሙከራው ተብለው የተዘጋጁ። ሁለቱን ወገን ያነበበ ሰው ለዘብ ይላል ብለን እንጠብቃለን አይደል? የሆነው ሌላ ነው። ሁሉም የእሱን ሐሳብ የሚደግፈውን ጥናት አሳማኝ፣ ሌላውን ደግሞ እንከን የበዛበት አድርጎ አየው። ሲጨርሱም ተማሪዎቹ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ከመጀመሪያው ይበልጥ በየአቋማቸው ጸንተው ነበር። አንድ ዓይነት ወረቀት አንብበው ማለት ነው!

ከዚህም የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው ተከታዩ ሙከራ ነው። አንዳንዶቹ «ሳታዳሉ፣ እንደ ዳኛ ሆናችሁ አንብቡ» ተባሉ። ምንም ለውጥ አላመጣም። ለሌሎቹ ደግሞ «ይኸው ጥናት፣ በዚሁ ዘዴ ተሠርቶ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ትፈርዱበት ነበር?» የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። ይህኛው ሠራ፣ አድልዎው ጠፋ። እንግዲህ «ፍትሐዊ ሁኑ» የሚለው ምክር ለሰው ደስ ይለዋል እንጂ አያንቀሳቅሰውም፣ የሚያንቀሳቅሰው የተለየ ጥያቄ ነው። ያንን ጥያቄ የመጠየቅ ሥራ ደግሞ የእናንተ የአዘጋጆቹ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ጽሑፎቹ ከመታተማቸው በፊት ይለዋወጡ። እያንዳንዱ ጸሐፊ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የተቃራኒውን ከሁሉ የጠነከረ ምክንያት ያስቀምጥ፣ ያም ሰው አንብቦ «አዎ፣ እኔ ያልኩት ይህን ነው» ብሎ እስኪስማማ ድረስ። ደካማውን መርጦ መምታት ቀላል ነው፣ ማንም ይችለዋል። ቀጥሎ ለዚያ ምክንያት መልስ ይስጥ፣ ወይም መልስ ከሌለው «ይህኛው ይከብደኛል፣ ግን በዚህ ምክንያት ይበለጣል» ይበል። በመጨረሻም ምን ማስረጃ ቢመጣ ሐሳቡን እንደሚቀይር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ምንም አይቀይረኝም የሚል ጸሐፊ ካለ እሱንም ያትሙት፣ አንባቢ ይወቀው።

ሌላም አንድ ነገር አለ። አዲስ ሐሳብ የሚያመጣ ጸሐፊ ለምን እንደሚጠቅም ብቻ አይንገረን። እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ያስረዳን፦ ማን ያስፈጽመዋል፣ በምን ገንዘብ፣ መጀመሪያ ምን ይሆናል፣ ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች የሚደግፉት ፖሊሲ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያብራሩ ሲጠየቁ የሚያውቁት ካሰቡት ያነሰ መሆኑ ይገለጥላቸዋል፣ አቋማቸውም ለዘብ ይላል። ምክንያታችሁን ዘርዝሩ ሲባሉ ግን አይለዝቡም። እንግዲህ «ለምን» ከማለት «እንዴት» ማለት ሳይሻል አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሳልጽፍ አላልፍም። ሁሉም ጉዳይ ሁለት እኩል ወገን የለውም። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ ከተሠራ አንድ ጽሑፍ ነው የተነሣው። ጽሑፉን ያወጣው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዞታል፣ በብዙ መቶ ሺህ ሕፃናት ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሐኪም ከወዲህ አንድ ተጠራጣሪ ከወዲያ እየተቀመጠ ነገሩ ሃምሳ ሃምሳ ሲመስል ኖረ። ያ ሚዛናዊነት አይደለም። ሚዛን ላይ ያስቀመጡትን ክብደቱን ሳይናገሩ መሄድ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ሁለተኛ ጸሐፊ ፍለጋ አትድከሙ፣ ይልቅ የሚጠራጠረው ሰው ምን እንደሚያሰጋው ጠይቃችሁ ለሥጋቱ በቀጥታ መልስ ስጡ። ስልክ በትምህርት ቤት ዓይነቱ ጉዳይ ግን ከማስረጃ በተጨማሪ ምርጫ አለበት፣ ለልጅ ነፃነት ይቅደም ወይስ ጥበቃ የሚል። እዚያ ሁለቱም ወገን ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ቦታና ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ጸሐፊዎቹም ያጉረመርማሉ፣ የሌላውን ሐሳብ አሳምሮ መጻፍ የማንም ፍላጎት አይደለም። ገጹን በየሳምንቱ ማውጣት ከከበዳችሁ በየአሥራ አምስት ቀኑ አድርጉት፣ እኔ በበኩሌ እጠብቃለሁ። ለመጀመሪያው ዙር የስልኩን ጉዳይ ብትይዙት፣ ከልካዮቹ ስለ ራስን መግዛት የሚሰጡትን መልስ ለማንበብ ቸኩያለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ