ተምችና ዘመዶቹ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ አዳማ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐዋሳም ዝናቡ ገብቶላታል።

ለፋሲካ ስመጣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሳት እራት ጋር! ተምች ያው ተምች አይደለም ወይ?» ብለውኝ ነበር። እንግዶች ስለነበሩ ዝም አልኩ እንጂ፣ ይህን ተምችን ከዘመዶቹ የመለየት ጥናት ያስጀመሩኝ እርስዎ ነዎት። ተምች እኮ የእሳት እራት ልጅ ነው፤ ትሉ አድጎ ነው የእሳት እራት የሚሆነው።

በ2009 ክረምት በቆሎው ሲበላ የመጣው ባለሙያ ከመንገዱ ሳይወርድ «ተምች» ብሎ መዝግቦ ሄደ። እርስዎ ግን ቅጠሉን ፈልቅቀው መሃል ልቡ ውስጥ የተሸጎጠውን ትል አሳዩኝና «የእኛ ተምች ሜዳውን ጠርጎ ያልፋል እንጂ እንዲህ ቤት ሠርቶ አይቀመጥም» አሉ። ልክ ነበሩ። ያ ትል ከአሜሪካ የመጣ ሌላ ተምች ነው፤ አገራችን የታየውም በዚያው ዓመት ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ምልክት አለው፤ ወደ ጭራው ደግሞ ጽሑፍ የጨረሰ ይመስል አራት ነጥብ።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ባዳ አይደሉም። ስፖዶፕቴራ የሚባል አንድ ወገን ናቸው፤ በአውሮፓውያን 2002 የወጣው ክለሳ በዚህ ወገን ሥር 30 ዝርያ ቆጥሯል። በድሮ መጻሕፍት የእኛውም የአሜሪካውም ላፊግማ ይባሉ ነበር፤ ጥጥ የሚያጠፋው ዘመዳቸው ፕሮዴኒያ ነበር፤ በኋላ ሁሉም ስፖዶፕቴራ ውስጥ ተጠቃለሉ። እርስዎ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ የእነዚህ ግንድ ሲቆጠር በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ዘረመሉ ሲነበብ የመጤው የቅርብ ዘመዶች እዚያው አሜሪካ ያሉት ናቸው፤ የእኛው የሩቅ ነው።

እኔን የሚያደክመኝ ዓይኔ ነው። ጥቁሩን ብቻ ተምች ብለው አረንጓዴውን «የሣር ትል» ይሉት የነበረው (እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል፣ ይቅር ይበሉኝ) አንድ ዝርያ ነው። ትሉ ብቻውን ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲበዛና ሲጨናነቅ ይጠቁራል። መጤው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አንዱ በቆሎ፣ ሌላው ሩዝ የሚወድ ሁለት ነገድ አለው፣ በመልክ ግን አይለዩም። ያለን ዘረመል ብቻ ነው። ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዘረመል ስናይ አፍሪካ ከገቡት ብዙዎቹ «ሩዝ ነን» ይላሉ። ሌላውን ዘረመል ስናይ እነዚያው «በቆሎ ነን» ይላሉ። የተያዙትም በቆሎ ላይ ነው! ሰው ቢሆኑ ሽማግሌ ይቀመጥላቸው ነበር። እኔ የተዳቀሉ ናቸው ከሚሉት ወገን ነኝ።

ዝርያን ከዝርያ ለመለየትማ የእሳት እራቱን ሆድ ቆርጬ በፖታሽ ዘፍዝፌ፣ በማይክሮስኮፕ የማየው የወንዱን ብልት ነው። ለጎረቤት እንዳይነግሩብኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በረንዳው አምፖል ሥር ማታ የሚወድቁትን ግራጫዎቹን የእሳት እራቶች በክብሪት ቀፎ ያስቀምጡልኝ። በጣትዎ አይያዟቸው፣ የክንፋቸው ዱቄት ይራገፋል፤ በወረቀት ጫፍ ያንሷቸው። ቀኑን እህቴ ቀፎው ላይ ትጻፍልዎት። የዓይን ጠብታዎን ስታደርግልዎት በዚያው ታስታውስዎታለች።

ልጅዎ፣ ከሐዋሳ