የትኛው ውል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጣና ሲጻፍ «የቅኝ ግዛት ውል አይመለከተንም» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። አባባሉ ለ1929ኙ የእንግሊዝና የግብጽ፣ ለ1959ኙም የግብጽና የሱዳን የናይል ውሃ ስምምነት ይሠራል (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፤ ኢትዮጵያ አልፈረመችም። የ1959ኙን ድርሻ ደምሩት፦ ግብጽ 55.5፣ ሱዳን 18.5፣ ለትነት 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፤ 84 ይመጣል። አስዋን ይደርሳል የተባለው የዓመቱ ውሃ ያው 84 ነበር። ለላይኛው ተፋሰስ ጠብታ አልተረፈም።

የ1902ቱን የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ግን ምኒልክ ፈርመውበታል፤ አንቀጽ 3 ጣናን በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ክርክሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ ያለ እንግሊዝና ሱዳን ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው ፍሰቱን የሚያቆም ሥራ ነው፤ ውሃውን መጠቀምን አልከለከለም። ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ያለውን የጨራ ጨራ ግድብ ሄዶ ማየት ነው፦ ሰባት መዝጊያ አለው፤ ውሃውን ይመጥናል እንጂ አያቆምም።

በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን ባለቤቷን ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ፣ የጣና ግድብ ለአንዱ፣ የባቡር ሐዲድ ለሌላው ብለው ተጻጻፉ። ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ ሁለቱም «ማስገደድ አላሰብንም» ማለት ጀመሩ። የአባልነት ወንበሩ ከተገኘ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር!

ጸሐፊዎቻችሁ «የቅኝ ግዛት ውል» ሲሉ ዓመተ ምሕረቱንና አንቀጹን አብረው ይጥቀሱልን።

ከባሕር ዳር