ሐረጎ በሦስት ማዕዘን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ናፍቆት ብቻ ነው እንጂ ደህና ነኝ።

ባለፈው የሥዕሌን ፎቶ በስልክ ብልክልዎ «እሺ፣ መንገዱ የታል?» አሉኝ። ሳቅኩና ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን ሳስበው አደርኩ። እውነትዎን ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው ብዬ የላክሁት ላይ አስፋልት የለ፣ ገደል የለ፣ መኪና የለ። ቢጫና ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ብቻ።

በጥር እረፍት ጋቢና አስቀምጠው ኮምቦልቻ ሲወስዱኝ ትዝ ይልዎታል? ጠዋት ከደሴ እንነሳለን። መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። አንቱ ከባድ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሬኑን ሳያቃጥሉ፣ ቀስ። አንዱ ኩርባ ላይ ፀሐይ መስታወቱን ትሞላዋለች፤ ዐይን አይገለጥም። ሲታጠፉ ተራራው ይጋርደናል። ደግሞ ብርሃን። ደግሞ ጥላ። መንገዱን የሚያዩት አንቱ ነበሩ። እኔማ የማየው ብርሃኑ የሚቆረጥበትን ጠርዝ ነበር። የሣልኩትም እሱን ነው።

«ጥላ ምነው ሰማያዊ ሆነ?» ብለዋል። ፀሐይ ባታገኘውም ሰማዩ ያበራዋል፤ ለዚያ ነው። ያስለቀሰኝስ ጠርዙ ነው። በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ ስቀባ ቀለሙ ከሥር ሾልኮ መስመሩን ያበላሸዋል። አሁን ዘዴው ገባኝ። መጀመሪያ የፕላስተሩን ዳር በዚያው በሥር ባለው ቢጫ እቀባዋለሁ። የሚሾልከውም ቢጫ፣ የነበረውም ቢጫ! ሲደርቅ ሰማያዊውን አስከትላለሁ።

ፓውል ክሌ የሚባል ሠዓሊ ነበር። በ1914 እ.ኤ.አ. ቱኒዚያ ሄደ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። የአገሩ ብርሃን ግን ለወጠው፤ ቤቱንም እርሻውንም በባለቀለም አራት ማዕዘን ይሥል ጀመር። እሱ በዚያች ጉዞ እንዲያ ከሆነ፣ ሐረጎን 30 ዓመት የተመላለሱት አንቱ ብሩሽ ቢይዙ ምን ሊሆን ነበር?

አሁን የመልሱን ጉዞ ጀምሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ ስንወጣ ያለውን። ችግሩ፣ እኔ ሁልጊዜ ተኝቼ ነበር። ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች? መጀመሪያ የምትጠፋውስ የትኛው ኩርባ ላይ ነው? ለእህቴ ይንገሯትና ትጻፍልኝ። እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ