እቁባችን በሐምሌም ይወጣል
ለቱሪዝም ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጳጉሜን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ቱሪዝም ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የባሌ ተራሮችን ዓመቱን ሙሉ ለሚጎበኙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የየወሩ መመሪያ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ክብርት ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር አሥራ ሁለት ቤተሰቦች ያቋቋምነው የጉዞ እቁብ ጸሐፊ ሆኜ ነው። እቁባችን እንደ ማንኛውም እቁብ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ ከሰዓት በኋላ አንዱ ቤት እንሰበሰባለን፣ ቡና ይፈላል፣ እያንዳንዱ ቤት 3,000 ብር ያስቀምጣል፣ ዕጣ ይወጣል። ከሌላው የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕጣው የወጣለት ቤተሰብ ገንዘቡን ልጆቹን ይዞ አገሩን ሊያይበት ቃል ገብቷል። ለመጀመሪያው ዙር የመረጥነው ቦታ የባሌ ተራሮች ናቸው።

ዕጣ ግን ወር አይመርጥም። ለአንዱ በጥር ይወጣል፣ ለሌላው በሐምሌ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

በግንቦት ዕጣ የወጣላት ጎረቤታችን መሐል ከተማ ወዳሉ ሦስት አስጎብኚ ድርጅቶች ሄዳ ነበር። ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጧት፦ «ባሌ የሚኬደው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ይጠብቁ።» አንደኛው ያሳያት መርሐ ግብር ዋጋው በዶላር የተጻፈ ነበር። ተመልሳ መጣች፣ ገንዘቡም ለጣሪያ ቆርቆሮ ዋለ። አልፈረድንባትም። ከመጋቢት ወዲህ ዕጣ ከደረሳቸው ቤቶች መካከል አራቱ ሳይሄዱ ቀርተዋል፤ የሁሉም ምክንያት «ዝናብ ነው» የሚል ነበር።

እስቲ ይህን ምክር ከእኛ ኑሮ ጋር ያስተያዩት። ባሌ ላይ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ስምንት ወር መሆኑ ነው። ደረቆቹን አራት ወራት ብቻ የጉብኝት ጊዜ ካልን የዓመቱን ሁለት ሦስተኛ ተራራውን በራሳችን ላይ ዘጋነው ማለት ነው። ልጆቻችን ደግሞ መስከረም ላይ ትምህርት ይጀምራሉ፣ ሰኔ ላይ ይጨርሳሉ። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ክፍል ውስጥ ናቸው። ረጅሙ ዕረፍታቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው። «በጥር ሂዱ» የሚለው ምክር አገሩ በረዶ ለብሶ ፀሐይ ለናፈቀው አውሮፓዊ ትክክለኛ ምክር ነው፤ የገና ዕረፍቱም በእነዚሁ ደረቅ ወራት ነው። ለእርሱ የተሠራውን የጊዜ ሰሌዳ እኛም ሳንመረምር ተቀብለን ለራሳችን ልጆች እያነበብን ነው።

ክቡር አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ለዓለም ሲያስተዋውቁ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። በራሳችን የዘመን አቆጣጠር ነው እንግዳ የጠሩልን፤ ጳጉሜንን እንኳ አልተዉአትም። ባሌን ባሌ ያደረገው ግን ፀሐዩ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ነው። ይህን የማውቀው በክረምት ስለሄድኩበት ነው።

ለእኔ ቤት ዕጣው የወጣው በሐምሌ ነበር። ገንዘቡን እስከ ጥር ላቆየው አስቤ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ «አባዬ፣ በጥር እኮ ትምህርት ቤት ነኝ» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በሻሸመኔ አድርገን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ከፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ደረስን። ከዶዶላ ወዲያ ያለው የስንዴና የገብስ ማሳ በዚያ ወር ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ እንኳ መንገዱ አያስቆጭም።

ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከባሕር ዳርቻ ለሚመጣ እንግዳ ይህ ቀላል አይደለም፤ አራት ኪሎ ያደገ ልጅ ግን በተወለደበት ቀን ደጋን ለምዷል። እንዲህ ያለው ነገር ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ተነግሮት አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት ከኮሶው ዛፍ ሥር ጉሙን ሰንጥቆ አንድ የደጋ አጋዘን ወጣ፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቅ ወንድ። ከኢትዮጵያ ተራሮች በስተቀር በዓለም የትም የለም፤ ሳይንስ የመዘገበውም ዘግይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ነው። «የአሥር ሳንቲሙ እንስሳ» አልኳት ልጄን። አልገባትም። አሥር ሳንቲም በእጇ ይዛ አታውቅም። ያንን እንስሳ ሳንቲም ላይ እንኳ ያላየ ትውልድ በአካል የሚያይበትን ጊዜ መንፈግ አይገባንም።

ስሕተታችንንም አልደብቅም። ጃንጥላ ይዘን ነበር የሄድነው። ወደ ሳነቴ አምባ እንደወጣን ነፋሱ ጃንጥላውን በመጀመሪያው ደቂቃ ገለበጠው። የልጆቹ ጫማ ሸራ ነበር፣ ሹራባቸው ጥጥ፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሁለቱም ርሰው ይንቀጠቀጡ ነበር። አስጎብኚያችን የራሱን የዝናብ ልብስ አውልቆ ለትንሹ ልጄ አለበሰው። ክረምት ላይ ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው የጎማ ቦት ጫማ፣ ውሃ የማያስገባ ካፖርትና የሱፍ ሹራብ ያስፈልገዋል፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጉዞው በማለዳ መጀመር አለበት። ይኸው ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ አስቀድሞ የሚነግረን አላገኘንም እንጂ።

በሦስተኛው ቀን ከጎባ መኪና ተከራይተን ወደ ሳነቴ አምባ በድጋሚ ወጣን። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጉሙ ተገለጠ። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ዘበኛ በየቦታው ቆሟል፣ መሬቱ በውሃ አብረቅርቋል፣ በየተዳፋቱ ቀይና ቢጫው ረጅም አበባ እንደ ችቦ ተተክሏል። አንድ እረኛ ልጅ አበባውን ቀጥፎ ልጄን እንዴት ማሩን እንደምትመጠው አሳያት። አፏ በጽጌው ዱቄት ቢጫ ሆኖ ሳቀች። ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን አቁሞ ፍልፈል ያደባ ነበር።

ከተመለስን በኋላ ስለዚያ አበባ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ባሌ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮም ያንኑ የአበባ ማር እንደሚልስ በ2017 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። ሥጋ በል እንስሳ አበባ እየላሰ፣ ምናልባትም የአበባውን ዱቄት በአፉ ከአበባ ወደ አበባ እያሻገረ! ለዓለም ዜና የሆነውም ይኸው ነው። አበባው የሚፈካው ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። «አትሂዱ» በሚባልበት ወቅት ማለት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ላይ ናቸው። ልጆቻችን ይህን ለማየት ቪዛም ዶላርም አያስፈልጋቸውም።

ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ላይ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ምንም አላየንም። ጉም ብቻ። ከዚያ ወደ ሀረና ደን ወረድን። አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ አልፈን፣ ቀርከሃውን አልፈን፣ ሽበት ያንጠለጠሉ በሚመስሉ ዛፎች መካከል ስንወርድ በግራም በቀኝም ውሃ ይወርዳል። ሪራ መንደር ላይ ከደኑ የመጣ ቡናና ማር ቀረበልን። ልጄ «ይህ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል?» አለችኝ። ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ወይብ፤ ከእነዚህ ተራሮች የሚነሣው ውሃ እስከ ሶማሊያ ድረስ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ያጠጣል አልኳት። ጎዴ ላይ ግመል የሚጠጣው ዋቢ ሸበሌ ከዚህ ዝናብም ድርሻ እንዳለው መጽሐፍ ላይ ተምራው ይሆናል። ጭንቅላቷ ላይ እየወረደ ስታየው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ትምህርት ጥር አይሆንም።

ዓመቱ ሁሉ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። የሶፍ ዑመር ዋሻን ማየት የሚፈልግ ሰው ክረምትን መሸሽ አለበት፤ በውስጡ የሚያልፈው የወይብ ወንዝ ሲሞላ ዋሻው አያስገባም። በደረቁ ወራት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ አስታውም ስለሚደርቅ አንድ የክብሪት እንጨት ተራራውን ሊያቃጥል ይችላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀበሮዎቹ ይወልዳሉ፤ ጎጆአቸውን አለመቅረብ ግዴታ ነው። በታኅሣሥ አጋዘኖቹ ለድሪያ ይፎካከራሉ። አውሮፓ ሲበርድ ከዚያ የሚሸሹ ወፎች ሳነቴ ኩሬዎች ላይ ያርፋሉ። በመጸው የሀረና የዱር ቡና ይቀላል። ይህን የለቃቀምኩት ከአስጎብኚያችን አፍና ከእዚህም ከእዚያም ነው። አንድ የእቁብ ጸሐፊ ሊለቃቅመው የሚገባ ነገር ግን አልነበረም።

ስለዚህ የምንለምንዎት ይህ ነው። መስሪያ ቤትዎ ከፓርኩ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የባሌን አሥራ ሦስት ወራት በአሥራ ሦስት ገጽ ይጻፍልን፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌሎችም ቋንቋዎች ሊከተሉ ይችላሉ። በየገጹ በዚያ ወር ምን እንደሚታይ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያስቸግር፣ ምን እንደሚለበስ፣ የመግቢያው፣ የአስጎብኚውና የፈረሱ ዋጋ በብር ስንት እንደሆነ ይኑር። ውሻ ይዞ አለመሄድም በጉልህ ይጻፍ፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች ከአንዴም ሁለቴ ፈጅቷቸዋል፣ ይህን የማያውቅ ቤተሰብ በቅንነት ጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው፣ መጽሐፉ በድረ ገጽ ብቻ አይቅር። መሐል ከተማ፣ ሰው በእግሩ በሚደርስበት ቦታ፣ አራት ኪሎም ይሁን ስታዲየም አካባቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ክፍት የሆነ አንድ መስኮት ይከፈት። አንዲት እናት ቀርባ «ሰኔ 25 ከሦስት ልጆች ጋር መሄድ እፈልጋለሁ» ስትል ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳት ሰው ትፈልጋለች። ዲንሾ ላይ ደግሞ የዝናብ ካፖርትና ቦት ጫማ የሚያከራይ የአካባቢው ወጣቶች ማኅበር ቢደገፍ፣ ለዓመት ሁለት ቀን ለሚለበስ ልብስ የወር ደመወዙን የሚያወጣ ሰው አይኖርም። አስጎብኚያችን በዝናቡ ወራት ወደ እርሻ ሥራ እንደሚመለስ ነግሮናል፤ ሞያውን ግን ይወዳል። እኛ በሐምሌ ከሄድን እርሱም በሐምሌ ይሠራል።

ትምህርት ቤቶችን በሚመለከት ብዙ አልልም፤ የእርስዎ ሥልጣን አይደለም። ከትምህርት ቢሮው ጋር ቢነጋገሩ ግን የተማሪዎች የክረምት ጉዞ በቀላሉ የሚጀመር ይመስለኛል።

የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ እኛም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ተደስተናል። የእቁባችን ሐሳብም የመነጨው ያን ዜና ተከትሎ ነው።

አዲሱ ዙር የሚጀምረው በመስከረም የመጀመሪያው እሁድ ነው። አሥራ ሁለቱም ቤት ቀጥሏል፤ ባለፈው ዓመት ሳይሄዱ የቀሩት አራቱም አሉበት። ከእነርሱ አንዷ፣ የቆርቆሮዋ ጎረቤታችን፣ ዕጣው ዘንድሮም በዝናብ ወር ቢደርሳት ምን እንደማደርግላት ጠይቃኛለች። የእኔን ልጆች የዝናብ ልብስ አውሳታለሁ አልኳት። ቀሪውን ከመስሪያ ቤትዎ እንጠብቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የእቁቡ ጸሐፊ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ